የሩማንያ ሠራዊት በዶን ወንዝ ዳር የደረሰበት ሽንፈትና ያስከተለው ውጤት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ ስናስተምር የስታሊንግራድን ውጊያ ሳናነሣ አናልፍም። ስለ ፓውሉስና ስለ ስድስተኛው የጀርመን ጦር፣ ስለ ከተማይቱ ፍርስራሽ፣ ስለ ብርዱና ስለ ረኃቡ በሰፊው እንናገራለን። ይሁንና ያ ታላቅ ጦር ለከበባ የተዳረገው በከተማይቱ ጎዳናዎች ተሸንፎ ሳይሆን፣ በግራና በቀኝ ጎኑ የቆሙት ሁለት የሩማንያ ጦሮች ግንባር ስለ ተሰበረ መሆኑን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠቅሰን እናልፈዋለን። ያችው ዐረፍተ ነገርም ብዙውን ጊዜ «ደካሞቹ ሩማንያውያን ሸሹ» ከማለት አትዘልም። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት ስለዚያች ዐረፍተ ነገር ለመናገር ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

ለመሆኑ የሩማንያ ገበሬ ከአገሩ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በዶን ወንዝ ዳር ምሽግ ሊቆፍር የበቃው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ 1940 መመለስ ያስፈልጋል። ሩማንያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግዛቷን እጥፍ ያህል ያሰፋች፣ ስለዚህም በዙሪያዋ ካሉት ጎረቤቶች ከአብዛኞቹ ጋር የወሰን ቂም የነበራት አገር ነበረች። በ1940 በጋ ቂሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመዘዘባት። በጁን ወር ሶቪየት ኅብረት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ቤሳራቢያንና ሰሜን ቡኮቪናን ወሰደች። ኦገስት 30 ቀን ጀርመንና ኢጣልያ በቪየና ተቀምጠው ሰሜን ትራንሲልቫኒያን ለሀንጋሪ ፈረዱ። በሴፕቴምበር ደግሞ ደቡብ ዶብሩጃ ለቡልጋሪያ ተመለሰች። አንዲት ጥይት ሳትተኩስ ከግዛቷና ከሕዝቧ አንድ ሦስተኛ ያህሉን አጣች። ንጉሥ ካሮል ዳግማዊ ሴፕቴምበር 6 ቀን ዙፋኑን ለቅቆ ሲሄድ፣ የ18 ዓመቱ ልጁ ሚካኤል ነገሠ፤ እውነተኛው ሥልጣን ግን በጄኔራል ኢዮን አንቶኔስኩ እጅ ገባ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ላንሣ። በጁን ወር 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲነሡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሲያውኩ፣ እነዚያን ባለጌዎች ከአዳራሹ አስወጡልን ብሎ የጮኸው የሩማንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኒኮላይ ቲቱሌስኩ ነበር። ቲቱሌስኩ ይህን ያደረገው ለኢትዮጵያ በማዘን ብቻ አልነበረም። ትንንሽ አገሮች ሊኖሩ የሚችሉት ውል ሲከበር ብቻ መሆኑን፣ በአንዲቱ ላይ ውሉ ከፈረሰ ተራው የሌላይቱ እንደሚሆን ስለ ተረዳ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ከሥልጣኑ ተነሣ። ከአራት ዓመት በኋላም የፈራው ደረሰ።

አንቶኔስኩ ከዚህ ውርደት የወሰደው ትምህርት ከቲቱሌስኩ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ውል የማይጠብቅ ከሆነ ኃይለኛውን መጠጋት ነው አለ። ኃይለኛው ግን ትራንሲልቫኒያን ቆርሶ ለሀንጋሪ የሰጠው ያው ሂትለር ነበር። ስለሆነም አሳቡ ይህን ይመስል ነበር፤ በምሥራቅ ከጀርመን ጋር ተሰልፌ ቤሳራቢያን አስመልሳለሁ፣ በታማኝነቴም ሂትለርን አስደስቼ አንድ ቀን ትራንሲልቫኒያን ያስመልስልኛል። ሀንጋሪም በበኩሏ ያገኘችውን እንዳትነጠቅ ወደዚያው ግንባር ወታደር ትልክ ነበር። ሁለት ባላንጣዎች ለአንድ ጌታ በመታዘዝ ይሽቀዳደሙ ነበር ማለት ነው። በዶን ግንባር በሀንጋሪና በሩማንያ ጦሮች መካከል ስምንተኛው የኢጣልያ ጦር እንዲቆም የተደረገው፣ ሁለቱ ቢገናኙ ከሩሲያ ይልቅ እርስ በርሳቸው እንዳይዋጉ ተብሎ ነው ይባላል። (የዚያ የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጋሪቦልዲ በኢትዮጵያ ወረራ ጊዜ የክፍለ ጦር አዛዥ የነበረው ሰው ነው።)

ጁን 22 ቀን 1941 ጦርነቱ ተጀመረ፤ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ቤሳራቢያ ተመለሰች። ሕዝቡ ተደሰተ። ዩሊዩ ማኒዩን የመሳሰሉት የቀድሞ ፓርቲዎች መሪዎች በድኒስተር ወንዝ ላይ ይቁም ብለው መከሩ። አንቶኔስኩ አልሰማቸውም። ወንዙን ተሻግሮ ኦዴሳን ከበበ፤ ከተማይቱ በኦክቶበር 16 ስትያዝ የሩማንያ ጦር ከ90,000 በላይ ሰው በሞት፣ በመቁሰልና በመጥፋት አጥቶ ነበር። የጦርነቱ ዓላማ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። እስከ ድኒስተር ድረስ የራሱን መሬት የሚያስመልስ ወታደር ነበር፤ ከድኒስተር ወዲያ ግን የሌላውን መሬት የሚወር ወታደር ሆነ።

ከዚህም የከፋ አለ፤ ሳይነገር ቢቀር የወታደሩ መከራ የፈጸመውን በደል ይሸፍነዋል። በጁን 1941 በያሽ ከተማ፣ በኦክቶበርም በኦዴሳ፣ ከዚያም ትራንስኒስትሪያ በተባለው ግዛት ውስጥ በሩማንያ መንግሥት ትእዛዝ አይሁድ በገፍ ተገድለዋል። በ2004 መግለጫውን ያወጣው በኤሊ ቪዜል ሊቀመንበርነት የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን፣ በሩማንያና በቁጥጥሯ ሥር በነበሩት ግዛቶች የጠፉት አይሁድ ከ280,000 እስከ 380,000 እንደሚደርሱ ገምቷል። በዶን ዳር ስለ ተሸነፈው ጦር በምናዝንበት ጊዜ ይህ ቁጥር ከአእምሮአችን ሊርቅ አይገባም።

አሁን ወደ ዶን እንሂድ። በ1942 መከር ላይ የጀርመን ጦር ኃይሉን ሁሉ ወደ ስታሊንግራድ ሲያጎርፍ፣ ረጅሙን ጎኑን ለመጠበቅ የራሱ ወታደር አልበቃውም። ስለዚህ ከከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ በዶን ወንዝ አቅራቢያ በጄኔራል ፔትሬ ዱሚትሬስኩ የሚመራውን ሦስተኛውን የሩማንያ ጦር፣ ከከተማይቱ ደቡብ ደግሞ በሜዳው ላይ የአራተኛውን ጦር ክፍሎች አሰለፈ። ሦስተኛው ጦር የያዘው ግንባር 138 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ለአንድ ክፍለ ጦር ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። እንዲህ በሳሳ መሥመር ላይ የቆመ እግረኛ ጦር አንድ ተስፋ ብቻ ይኖረዋል፤ ፊቱን የሚጠብቅለት ወንዝ።

ወንዙ ግን አልነበረውም። በሴራፊሞቪችና በክሌትስካያ በኩል ሶቪየቶች ከዶን ወዲህ ማዶ ሰፋ ያለ መሬት ይዘው ተቀምጠዋል። ታንክ ሊያሻግሩበት የሚችሉት በር ተከፍቶ የተተወ ነበር ማለት ነው። ዱሚትሬስኩ ይህን ገና ቦታውን ሲረከብ አይቶታል። በሩን ለመዝጋት ማጥቃት እንዲፈቀድለትና እርዳታ እንዲሰጠው ጀርመኖችን ለመነ፤ ለስታሊንግራድ የሚያስፈልግ ኃይል ለሌላ አይውልም ተባለ። ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ በማዶው ሌሊት ሌሊት የሚሰማውን የተሽከርካሪ ድምፅና የሚሰበሰበውን ኃይል ደጋግሞ ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም።

ትጥቁስ? አብዛኛው የሩማንያ ፀረ ታንክ መሣሪያ በፈረስ የሚጎተት የ37 እና የ47 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጥይት ቲ-34 የተባለውን የሶቪየት ታንክ ሲመታ ነጥሮ ይመለሳል። ጀርመኖች ለእያንዳንዱ ክፍለ ጦር ስድስት የ75 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፍ ሰጥተው ነበር፤ ስድስት መድፍ ለሃያ ኪሎ ሜትር! ከኋላ ደጀን ሆኖ የተቀመጠው የሩማንያ አንደኛ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር በብዛት የያዘው ከቼኮስሎቫኪያ የተገዙ ቀላል ታንኮችን ነው። ከእርሱ ጋር የተመደበው የጀርመን 22ኛ ክፍለ ጦር ደግሞ ታንኮቹን ከብርድ ለመከላከል በገለባ ሸፍኗቸው ስለ ነበር፣ አይጦች ገብተው የኤሌክትሪክ ሽቦውን በሉት፤ በመነሻው ሰዓት ብዙዎቹ አልነሣም አሉ። ይህን ወግ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ ይወዱታል፤ እኔም ተማሪዎቼ እንደማይረሱት አውቃለሁ። ነገር ግን አይጦቹ ባይኖሩ ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር ብሎ የሚያምን ካለ ካርታውን ደግሞ ይመልከት።

ኖቬምበር 19 ቀን 1942፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 10 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ማለዳው በጉምና በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። በሞስኮ ሰዓት አቆጣጠር ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጄኔራል ቫቱቲን መድፎች ተኩስ ከፈቱ፤ ድብደባውም ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። በጉሙ ምክንያት የጀርመን አይሮፕላኖች ሊነሡ አልቻሉም። እዚህ ላይ ነው ያች ዐረፍተ ነገራችን የምትሳሳተው። ሩማንያውያኑ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች አልሸሹም። የሶቪየት እግረኛ ጦር ያደረገውን የመጀመሪያ ጥቃት በብዙ ቦታ መልሰውታል፤ ቫቱቲን ግንባሩ ከተሰበረ በኋላ ሊያሰማራቸው ያሰባቸውን የታንክ ኮሮች ቀድሞ ለማስገባት የተገደደውም ስለዚህ ነው። እኩለ ቀን ገደማ ታንኮቹ ሲመጡ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ጦር ላይ ግንባሩ ተቀደደ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሽብር እውነት ነው፤ መድፉን ጥሎ፣ ጠመንጃውን ወርውሮ በበረዶው ሜዳ የሮጠ ብዙ ነው። ግን የሮጠው ሁሉ አልነበረም። በመካከል የተከበቡት ክፍሎች በጄኔራል ሚሃይል ላስካር ሥር ተሰባስበው፣ ስንቅና ጥይት እያለቀባቸው እጅ ስጡ ሲባሉ እምቢ ብለው ለጥቂት ቀናት ተዋጉ። ላስካር ኖቬምበር 22 ቀን ተማረከ፤ የቀሩትም በማግሥቱና በሠልስቱ እጃቸውን ሰጡ።

በደቡብ በኩል የሆነው ፈጥኖ ያለቀ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን የጄኔራል የሬሜንኮ ጦር ተነሣ፤ በዚያ ሜዳ ላይ የነበሩት የሩማንያ ክፍለ ጦሮች በሰውም በመሣሪያም የሳሱ፣ መሸሸጊያ ተራራም ወንዝም የሌላቸው ነበሩና በአንድ ቀን ተበተኑ። ኖቬምበር 23 ቀን ሁለቱ የሶቪየት ክንፎች ከካላች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተገናኙ። በከበባው ውስጥ ከጀርመኖች ጋር ሁለት የሩማንያ ክፍለ ጦሮችም ቀሩ። ከኖቬምበር 19 ቀን ማለዳ አንሥቶ እስከ ጃንዋሪ 1943 መጀመሪያ ድረስ ሩማንያ በሞት፣ በመቁሰልና በመጥፋት ከ150,000 በላይ ወታደር አጣች። ይህም የሠራዊቷ ዋና አካል ነበር። በዲሴምበር የኢጣልያኖቹ፣ በጃንዋሪ የሀንጋሪዎቹ ተራ ደረሰ።

ሽንፈት ሲመጣ ተጠያቂ ይፈለጋል። ሂትለር ደጀኑን ኮር ያዝዝ የነበረውን የራሱን ጄኔራል ሃይምን አሰረው። በጦር ሜዳው ግን ዕዳው በሩማንያውያን ላይ ወደቀ። በማፈግፈጉ ጊዜ ከጀርመን መኪና የተገፈተሩ፣ ከስንቅ ቤት የተባረሩ ወታደሮች አቤቱታ እስከ አንቶኔስኩ ደረሰ፤ አንቶኔስኩም ለማርሻል ማንስታይን ጻፈ። አስቀድመን አስጠንቅቀናችሁ ነበር፣ መሣሪያ ለምነናችሁ ነበር የሚል መራራ አቤቱታ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን መጽሐፍ የጻፉትና በብዙ ቋንቋ የተነበቡት የጀርመን ጄኔራሎች ናቸው። ያች ዐረፍተ ነገር ወደ እኛ መማሪያ መጻሕፍት የገባችው በዚያ በር ይመስለኛል።

እኛ ማይጨውን የምናውቅ ሰዎች ጀግንነት ብቻውን አይሮፕላንንና መርዝን እንደማያቆም እናውቃለን። ንጽጽሩን ግን ከዚህ አላሳልፈውም። የማይጨው ወታደር የቆመው በገዛ አፈሩ ላይ ነው፤ የዶኑ ወታደር ለምን እንደ ቆመ የሚነግረው አልነበረውም። በዚያ ላይ የሩማንያ ሠራዊት የአገሩን ማኅበራዊ ኑሮ ተሸክሞ የዘመተ ሠራዊት ነው። መኰንኑና ተራው ወታደር የሚበሉት ከተለያየ ወጥ ቤት ነበር፤ ወታደሩ ይገረፍ ነበር። መሬት ያልነበረው ገበሬ በምሥራቅ መሬት ታገኛለህ ተብሎ ሲላክ፣ ለዚያ መሬት ለመሞት መቸኰሉን የሚጠብቅ ካለ ገበሬን አያውቅም።

ፖለቲካዊው ውጤት በአንድ ቀን የታየ አይደለም። በጃንዋሪ 1943 አንቶኔስኩ ከሂትለር ጋር ሲገናኝ ኅብረቱን አላፈረሰም፤ ሠራዊቱን እንደ ገና ለማስታጠቅ የጀርመን መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ጀርመንም የፕሎዬሽት ነዳጅ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ከስታሊንግራድ በኋላ በቡካሬስት ጀርመን ታሸንፋለች ብሎ የሚያስብ አስተዋይ ሰው ጠፋ። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚሃይ አንቶኔስኩ፣ የማርሻሉ የሥጋ ወንድም ያልሆነው፣ በገለልተኛ አገሮች በኩል ከምዕራባውያን ጋር መላላክ ጀመረ። በኤፕሪል ወር ሂትለር ማርሻሉን አስጠርቶ የዚህን ማስረጃ ፊቱ ላይ ዘረጋለት፤ ማርሻሉም ምክትሉን አላሰናበተም። በማርች 1944 ልዑል ባርቡ ሽቲርቤይ ወደ ካይሮ ተላከ። ችግሩ ሩማንያውያን ለእንግሊዝና ለአሜሪካ እጅ ለመስጠት ሲፈልጉ፣ ወደ ወሰናቸው እየቀረበ የመጣው ግን የሶቪየት ጦር መሆኑ ነበር። ምዕራባውያኑ ሞስኮን አነጋግሩ ብለው መለሷቸው።

አይሁድን በሚመለከት አንድ ነገር መታረም አለበት። የአሮጌይቱን ሩማንያ አይሁድ ወደ ፖላንድ የግድያ ሰፈር የመላኩ ዕቅድ የታገደው ከሽንፈቱ በኋላ እንደ ሆነ አንዳንዶች ይጽፋሉ። ዕግዱ የተወሰነው በኦክቶበር 1942፣ ማለትም ከዶን ጥቃት ከአንድ ወር በፊት ነው። ሽንፈቱ ያደረገው ውሳኔው እንዳይቀለበስ ማጽናት ነው።

ኦገስት 20 ቀን 1944 ማሊኖቭስኪና ቶልቡኪን በያሽና በኪሺኖቭ በኩል ሲያጠቁ፣ ግንባሩን የያዘው ማን እንደ ነበር አስተውሉ። በአንድ በኩል እንደ ገና የተቋቋመው ስድስተኛው የጀርመን ጦር፣ በአጠገቡ ሦስተኛው የሩማንያ ጦር፣ በላያቸውም ያው ዱሚትሬስኩ! ደጀን የነበሩት የጀርመን ብረት ለበሶች ከሳምንታት በፊት ወደ ሰሜን ተወስደዋል። ስድስተኛው ጦር ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን፣ ኦገስት 23 ከሰዓት በኋላ፣ ማርሻል አንቶኔስኩ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠራ። ንጉሥ ሚካኤል ገና 22 ዓመቱ ነበር። የተኩስ አቁም ውል ወዲያውኑ እንዲፈርም ጠየቀው፤ ማርሻሉ አሻፈረኝ ሲል እዚያው ተያዘና ካሮል ዳግማዊ የቴምብር ስብስቡን ያስቀምጥበት በነበረው የብረት ክፍል ተቆለፈበት። ማታ ንጉሡ ጦርነቱ መቆሙን በራዲዮ ለሕዝቡ አስታወቀ። ጀርመኖች በማግሥቱ ቡካሬስትን በአይሮፕላን ደበደቡ፤ ሩማንያም በጀርመን ላይ ተነሣች።

ይህ ድርጊት ጦርነቱን እንዳሳጠረ አይካድም። ዋጋው ግን ለሩማንያ ምን ያህል ነበር? ሶቪየቶች ውሉን የፈረሙት በሴፕቴምበር አጋማሽ ነው፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ተኩስ ያቆሙትን የሩማንያ ወታደሮች ከ100,000 በላይ ማርከው ወሰዱ። በውሉ ሩማንያ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነዳጅ፣ እህልና እንጨት በስድስት ዓመት እንድትከፍልና ቢያንስ 12 ክፍለ ጦሮች በጀርመን ላይ እንድታዘምት ተገደደች። በሀንጋሪና በቼኮስሎቫኪያ ሲዋጋ የወደቀው፣ የቆሰለውና የጠፋው ሩማንያዊ ከ160,000 በላይ ነው። በምላሹ ሰሜን ትራንሲልቫኒያ ተመለሰች። አንቶኔስኩ በጀርመን ጎን ተሰልፎ ሊያገኛት የተመኛትን ምድር ሩማንያ ያገኘቻት ከጀርመን ጋር በመዋጋት ነው፤ ቤሳራቢያና ሰሜን ቡኮቪና ግን ቀሩ። በኦክቶበር 1944 ቸርቺል በሞስኮ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ከሩማንያ ዘጠና በመቶውን ለሩሲያ ጽፎ ለስታሊን አሳለፈለት። ማርች 6 ቀን 1945 የፔትሩ ግሮዛ መንግሥት ተቋቋመ፤ አንቶኔስኩ ጁን 1 ቀን 1946 በጥይት ተደብድቦ ተገደለ፤ ዲሴምበር 30 ቀን 1947 ንጉሡ ዙፋኑን እንዲለቅ ተገደደ። የሶቪየት ጦር ከሩማንያ የወጣው በ1958 ነው።

የላስካር ዕድል ደግሞ ለብቻው ይነገራል። በዶን ዳር እጄን አልሰጥም በማለቱ ሂትለር ከፍተኛ ኒሻን የሸለመው ይህ ጄኔራል፣ ከምርኮ በኋላ በሶቪየት ኅብረት ከምርኮኞች የተመለመለ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነ፤ ከ1946 እስከ 1947 መጨረሻም የሩማንያ የመከላከያ ሚኒስትር ነበር። ከሃዲ ነው ወይስ አስተዋይ? ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ መልሱን አልሰጣቸውም፤ የተማረከበትን ቀንና የተሾመበትን ቀን በሰሌዳ ላይ ጽፌ በመካከሉ ምን እንደ ተለወጠ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ።

በሩማንያም ይህ ታሪክ እንደ መንግሥቱ ሲለዋወጥ ቆይቷል። እስከ 1989 ድረስ ኦገስት 23 ብሔራዊ በዓል ነበር፤ ነገር ግን በበዓሉ ንግግር ንጉሡ አይጠራም፣ ድሉ ሁሉ የኮሚኒስት ፓርቲው ነበር። የዶኑ ሽንፈት በጥቂት መሥመር ይታለፍ ነበር። ከ1989 በኋላ ደግሞ አንቶኔስኩን ሰማዕት አድርገው ሐውልት ያቆሙለት ሰዎች ተነሡ፤ በ2002 መንግሥት ይህን በሕግ ከለከለ። ንጉሥ ሚካኤል በዲሴምበር 2017 ሲሞት ቡካሬስት በክብር ሸኘችው። በቮልጎግራድ አቅራቢያ በሮሶሽካ ለሩማንያ ወታደሮች መካነ መቃብር የተከፈተው በ2015፣ ከውጊያው ሰባ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ ካርታውን ይዤ መጥቻለሁና በእርሱ ላይ እንነጋገር።